ድንቅነሽ፦ በጉልበት አጥንቶቿ የተነበበ የሕይወት ታሪክ

መግቢያ

የታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ዘወትር የሚጻፈው ከደብዳቤ፣ ከዜና መዋዕልና ከቅርብ ሰዎች ምስክርነት ነው። ድንቅነሽ ከእነዚህ አንዱንም አልተወችም። የተወችው አጥንቷን ብቻ ነው፤ እሱም ከግማሽ አይሞላም። እንዲህም ሆኖ ከኢትዮጵያ ምድር ከበቀሉት ሁሉ የእሷን ያህል በዓለም ስሙ የተጠራ ጥቂት ነው። በሥነ ሕይወት ምደባ ድንቅነሽ የእኛው ምድብ ከሆነው ከሆሞ ወገን አይደለችም፤ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ የተባለው ዝርያ አባል ናት። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የሰው ስም ሰጥቷታል፤ እንደ ቅድመ አያትም ያነሣታል። ይህ ጽሑፍ በዚያው ልማድ እንደ አንዲት ባለታሪክ አድርጎ ይተርካታል።

የጽሑፉ ዓላማ ሕይወቷን በአንድ መገጣጠሚያ በኩል መመልከት ነው። በአማርኛ ጉልበት የመገጣጠሚያውም የኃይልም ስም ነው። ስለ ድንቅነሽ አኗኗር ከተነሡት ክርክሮች ከባዶቹ የተካሄዱት በዚሁ መገጣጠሚያ ላይ ነው። በሚከተሉት ክፍሎች መቀርቀር የሚለው ቃል በሁለት ፍቺ ይመጣል። አንደኛው፣ እግር ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት ተጋጥመው የሚጸኑበት ነው። ሁለተኛው፣ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ከታችኛው አጥንት ጋር የሚያያዝበት ነው። በተፈጥሮ ጉልበት ትራሱ ሜኒስከስ የተባለው ልም አጥንት ሲሆን፣ በሰው ሠራሽ ጉልበት ደግሞ በብረት ገበታ ላይ የሚሰካው የፖሊኢትሊን ንጣፍ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ስለ ድንቅነሽ የቅልጥም አጥንት የተነሣው ጥያቄና ሰው ሠራሽ ጉልበት የሚነድፉ መሐንዲሶች የሚያነሡት ጥያቄ በመሠረቱ አንድ መሆኑ ነው። ትራሱ ምን ያህል ይታሰር፣ ምን ያህልስ ይንቀሳቀስ? ሁለቱም ወገኖች መልስ የሚፈልጉት በአንድ ዓይነት ማስረጃ ላይ ነው፤ ይኸውም ትራሱ ያረፈበት ገጽ ላይ የቀረ ምልክት ነው።

ሥፍራውና ዘመኑ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሚወስደው አውራ ጎዳና የአዋሽን ሸለቆ ተከትሎ ወደ ሰሜን ይዘልቃል። ሐዳር የሚገኘው በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል፣ ከጎዳናው በስተ ምዕራብ፣ ይበልጥ ወደ ሰመራ በሚቀርበው የሸለቆው ክፍል ነው። ዛሬ ሥፍራው ጎርፍ የሸረሸረው፣ ዛፍ የተራቆተ የደለል ምድር ነው። በዝናብ ወራት የሚወርደው ጎርፍ ገደሎቹን እየቆረሰ በውስጣቸው የተቀበረውን ያወጣል። የታችኛው አዋሽ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚሁ ሀብቱ ምክንያት ነው።

ድንቅነሽ በኖረችበት ዘመን መልክዓ ምድሩ ሌላ ነበር። ሐይቅና ወንዞች፣ በዳርቻቸው ደን፣ ከደኑ ወዲያ ደግሞ ቁጥቋጦና ሣር ነበረበት። ጉማሬና አዞ፣ የዝሆን ዘመዶች፣ ልዩ ልዩ የሚዳቋና የድኩላ ዓይነቶች፣ የዛሬዎቹ ጭላዳዎች ዘመድ የሆኑ ዝንጀሮዎችም ይኖሩበት ነበር። ዘመኑን ለመወሰን የረዳው ከአጥንቶቿ አካባቢ የተገኘ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ነው። በአመዱ ውስጥ ያሉ ማዕድናት በአርጎን ዘዴ ሲለኩ ዕድሜው ወደ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። በተለምዶ ድንቅነሽ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ባለታሪክ ናት የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከእሷ የቀደመው ጉልበት

ሐዳርን ለምርምር የጠቆሙት ቱኒዚያ የተወለዱት ፈረንሳዊ የሥነ ምድር ተመራማሪ ሞሪስ ታይብ ናቸው። እሳቸው፣ አሜሪካዊው ዶናልድ ጆሃንሰንና ፈረንሳዊው ኢቭ ኮፐንስ ከሌሎች ባልደረቦች ጋር ባቋቋሙት ዓለም አቀፍ የአፋር የምርምር ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1973 መኸር የመጀመሪያው ትልቅ ግኝት ወጣ። ግኝቱ የራስ ቅል ወይም መንጋጋ አልነበረም፤ ጉልበት ነበር። የጭን አጥንት የታች ጫፍና የቅልጥም አጥንት የላይ ጫፍ ተገጣጥመው አንድ መገጣጠሚያ ሆኑ። ግኝቱ ኤ.ኤል. 129 በሚል ቁጥር ተመዘገበ፤ ዕድሜውም ወደ 3.4 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል።

ጉልበቱ የተናገረው ነገር ግልጽ ነበር። የቺምፓንዚ የጭን አጥንት ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ቀጥ ያለ ነው። የሰው ግን ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ በዚህም ምክንያት ዳሌያችን ሰፊ ቢሆንም ጉልበቶቻችንና እግሮቻችን ከሰውነታችን መካከለኛ መስመር ሥር ይውላሉ። በአንድ እግር ቆመን ሌላውን ስናነሣ የማንወድቀው ስለዚህ ነው። የሐዳሩ ጉልበት ያዘነበለ ነበር።

ጆሃንሰን ይህን ለማረጋገጥ የሚያነጻጽሩት የሰው አጥንት በሰፈሩ አልነበራቸውም። በኋላ ባሳተሙት መጽሐፍ ራሳቸው እንደገለጹት፣ በአቅራቢያው ከነበረ የአፋር መቃብር የጭን አጥንት ወስደው ከቅሪተ አካሉ ጋር አስተያዩ፤ ከመጠን በቀር ሁለቱ ተመሳሰሉ። ድርጊቱ ዛሬ በየትኛውም የምርምር ሥነ ምግባር ሚዛን ተቀባይነት የለውም። ሆኖም ሊዘለል አይገባውም፤ በሁለት እግር መሄድ በዚያ ሸለቆ ምን ያህል ጥንታዊ መሆኑ በመጀመሪያ የተመዘነው ስሙ ባልተመዘገበ አንድ አፋር አጥንት ነውና።

ድንቅነሽ ራሷ የተገኘችው በቀጣዩ ዓመት፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ በአዲስ አበባ ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናትና ሌሎች እስረኞች በተረሸኑ ማግስት መሆኑ ነው። ጆሃንሰንና የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበሩት ቶም ግሬይ ከአንድ ገደል ሥር በመጀመሪያ ያዩት የክንድ አጥንት ስባሪ ነበር። ከዚያ ቀናት በፈጀ ለቀማና ማበጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ስብርባሪዎች ተሰበሰቡ። ሲገጣጠሙ የአንድ ግለሰብ አካል ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ክፍል ሆኑ። በዚያ ዘመን በዚህ ዕድሜ ደረጃ ይህን ያህል የተሟላ አካል ታይቶ አያውቅም ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ይደመጥ ከነበረ የቢትልስ ዘፈን ሉሲ የሚለው ስም ወጣላት፤ በአማርኛ ድንቅነሽ ተባለች። እ.ኤ.አ. በ1978 ዝርያው አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ተብሎ ተሰየመ። የስያሜው መነሻ ናሙና ሆኖ የተመረጠው ከታንዛኒያ ላኤቶሊ የተገኘ መንጋጋ ቢሆንም፣ ስሙ የአፋርን ምድር እንዲሸከም ተደረገ።

ልጅነት

ስለ ድንቅነሽ ልጅነት የሚናገር አካል የለም ማለት ይቻላል፤ የተገኘችው አድጋ ነውና። ሁለት ምስክሮች ግን አሉ። የመጀመሪያዋ ሰላም ናት። ሰላም ከሐዳር አዋሽን ተሻግሮ በሚገኘው ዲኪካ እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘች፣ ወደ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላት የዚሁ ዝርያ ሕፃን ናት። በጥርሶቿ ላይ በተደረገ ምርመራ ስትሞት ዕድሜዋ ወደ ሁለት ዓመት ተኩል እንደነበረ ተገምቷል። የአተር ፍሬ የምታህለው የጉልበቷ ሎሚ ሳይቀር ተገኝታለች። የትከሻዋ አጥንት ወደ ላይ የመንጠላጠል ችሎታን ሲያመለክት፣ እግሯ ግን ለመሄድ የተበጀ ነው። ድንቅነሽም በዚያ ዕድሜዋ ከእናቷ ጉያ ወርዳ በመሬትና በዛፍ መካከል ታድግ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሁለተኛው ምስክር የጭን አጥንት ማዘንበል ነው። የሰው ልጅ ሲወለድ የጭን አጥንቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ማዘንበሉን ይዞ አይወለድም። ማዘንበሉ የሚመጣው ሕፃኑ ቆሞ መሄድ ሲጀምር፣ ክብደቱ በአጥንቱ የማደጊያ ክፍል ላይ ባረፈ መጠን ቀስ በቀስ ነው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ መሄድ ያልቻሉ ልጆች ላይ ይህ ማዘንበል በሚገባ አይፈጠርም። ስለዚህ በአዋቂ አጥንት ላይ የሚታየው ማዘንበል የልጅነት መዝገብ ነው። የሐዳር ነዋሪዎች የጭን አጥንት የሚያሳየውን ማዘንበል በዚህ መንገድ ስናነብበው፣ በልጅነታቸው በሁለት እግር ደጋግመው፣ ለዓመታትም ሄደዋል ማለት ነው። ከማንኛውም የራስ ቅል ይልቅ ስለ ድንቅነሽ ልጅነት የሚናገረው ይህ አጥንት ነው።

ጉልምስና

ድንቅነሽ ስትሞት ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ክብደቷም ከ30 ኪሎ ግራም በታች ነበር ተብሎ ይገመታል። የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎቿ በቅለው ጥቂት መበላት ጀምረዋል፤ የረጃጅም አጥንቶቿ ጫፎችም ተጋጥመዋል። ይህ አዋቂ እንደነበረች ያሳያል። ዝርያዋ ከእኛ ይልቅ ፈጥኖ ያድግ ስለነበር ዕድሜዋ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ዓመት ባለው ውስጥ ይገመታል። ሴት መሆኗ የተወሰነው በዋናነት በአካሏ ትንሽነት ነው። በዚሁ በሐዳር እ.ኤ.አ. በ1975 ከአንድ ሥፍራ ቢያንስ የ13 ግለሰቦች አጥንት ሲገኝ፣ ከመካከላቸው ከእሷ እጅግ የሚገዝፉ ነበሩ። በጀርባ አጥንቶቿ ላይ ያልተለመደ የአጥንት ዕድገት ይታያል፤ ጀርባዋን የሚያስቸግራት ሕመም ሳይኖርባት አልቀረም።

ምግቧን በተመለከተ፣ በዝርያዋ ጥርሶች ውስጥ ያለው የካርቦን ዓይነት ከዛፍና ከቁጥቋጦ የሚገኘውን ብቻ ሳይሆን ከሣርና ከሣር መሰል ዕፅዋት የመነጨውንም ይመገቡ እንደነበር አሳይቷል። ይህ ማለት ከደኑ ጥላ ወጥቶ ወደ ገላጣው መሄድ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአጥንት ጥንካሬ ጥናት ደግሞ የክንዷ አጥንት ከእግሯ አንጻር ከእኛ ይልቅ የጠነከረ መሆኑን አሳየ፤ ይህም ዛፍ መውጣት የኑሮዋ አንድ ክፍል እንደነበረ ይጠቁማል። ሕይወቷ በሁለት ዓለም መካከል የተከፈለ ነበር፤ ጉልበቷም ለሁለቱም መታዘዝ ነበረበት።

ቀጥ ብሎ የመቆም ጥያቄ

ድንቅነሽ በሁለት እግር መሄዷ ብዙ አላከራከረም። ያከራከረው እንዴት እንደሄደች ነው። ዘመናዊ ሰው ሲቆም ጉልበቱ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል። በመዘርጋቱ መጨረሻ ላይ የቅልጥም አጥንት በጭን አጥንት ሥር ጥቂት ወደ ውጭ ይዞራል፤ ጅማቶቹም ይወጠራሉ፤ መገጣጠሚያውም ይቀረቀራል። በዚህ ሁኔታ የጭን ጡንቻ ብዙ ሳይደክም ለረጅም ጊዜ መቆም ይቻላል። ለመታጠፍ ሲፈለግ ከጉልበት በስተ ኋላ ያለ ትንሽ ጡንቻ አጥንቱን መልሶ በማዞር ቅርቃሩን ይፈታል። በትሩን በትከሻው ላይ አጋድሞ ለሰዓታት ከብቱን ቆሞ የሚጠብቅ የአፋር አርብቶ አደር የሚተማመነው በዚህ የማይታይ መቀርቀሪያ ነው። ቺምፓንዚ ግን በሁለት እግሩ ሲቆም ጉልበቱን አጥፎ ነው፤ ስለዚህም ቶሎ ይደክመዋል።

እ.ኤ.አ. በ1983 ጃክ ስተርንና ራንዳል ሳስማን የተባሉ ተመራማሪዎች ድንቅነሽ ዳሌዋንና ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ትሄድ እንደነበር ተከራከሩ። ኦወን ላቭጆይ በበኩላቸው የዳሌዋንና የጉልበቷን ቅርጽ መሠረት አድርገው ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር ተሟገቱ። ክርክሩን ለመፍታት ከውጭ የመጣ አንድ ማስረጃ የላኤቶሊ የእግር አሻራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሙከራ ሰዎች በአሸዋ ላይ አንዴ ቀጥ ብለው፣ አንዴም ጉልበታቸውን አጥፈው እንዲሄዱ አደረገ፤ የላኤቶሊ አሻራም ቀጥ ብሎ ከተሄደው ጋር ተቀራረበ። እ.ኤ.አ. በ2023 አሽሊ ዋይዝማን የድንቅነሽን የዳሌና የእግር ጡንቻዎች በኮምፒውተር በሦስት ገጽታ አልብሰው ሲያሳዩ፣ ጉልበቷን የሚዘረጉት ጡንቻዎች ቀጥ ብላ እንድትቆም የሚያስችሉ ሆነው ተገኙ። ዛሬ ሚዛኑ ወደ ቀጥታው አቋም አዘንብሏል።

የታሰረው ትራስ

ሚዛኑ ቢያዘነብልም ሌላ ጥያቄ ሳይፈታ ቆይቷል። የቅልጥም አጥንት የላይ ገጽ ጠፍጣፋ ሲሆን የጭን አጥንት የታች ጫፍ ድቡልቡል ነው። ጠፍጣፋና ድቡልቡል ሲገናኙ የሚነካኩት በጠባብ ሥፍራ ነው። ያን ክፍተት የሚሞሉት ሁለቱ ሜኒስከሶች ናቸው፤ ጭነቱን ያከፋፍላሉ፣ መንሸራተትን ይገታሉ። የውስጥ ጎኑ ይበልጥ የታሰረ ሲሆን የውጭ ጎኑ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል።

ፈረንሳዊቷ ክሪስቲን ታርዲው ትኩረታቸውን ያደረጉት በውጭ ጎኑ ሜኒስከስ ላይ ነው። በዘመናዊ ሰው ይህ ሜኒስከስ ከቅልጥም አጥንት ጋር በሁለት ቦታ፣ ከፊትና ከኋላ፣ ይታሰራል። በቺምፓንዚ ግን ቀለበት መሰል ሆኖ በአንድ ቦታ ብቻ ይታሰራል። በሁለት ቦታ የታሰረ ሜኒስከስ ጉልበት እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ ከልክ በላይ ወደ ፊት አይንሸራተትም፤ በአንድ ቦታ የታሰረው ግን ከአጥንቱ ጋር በሰፊው ይዞራል፤ ለዛፍ ወጪም ይመቻል። ታርዲው የሐዳርን ጉልበቶች፣ የድንቅነሽንም ጭምር፣ መርምረው ምልክቱ የአንድ ማሰሪያ ነው አሉ፤ የሁለት ማሰሪያ ምልክት ያገኙት ከዚያ በኋላ በመጡት የሆሞ ወገን አጥንቶች ላይ ነው።

ይህ ንባብ ትክክል ከሆነ የድንቅነሽ ሕይወት ምስል ይረቃል። ቀጥ ብላ መቆም ትችል ነበር፤ ትራሷ ግን እንደ እኛ አልተቀረቀረም ማለት ነው። አጥንቷ ለመሬት ተስተካክሎ ልም አጥንቷ ለዛፍ የቀረ ይሆናል። ነገር ግን ሜኒስከስ በስብሶ የሚጠፋ አካል ነው፤ የሚቀረው በአጥንት ጠርዝ ላይ የተወው ምልክት ብቻ ነው። ያ ምልክት ዝርያዎችን ለመለየት ምን ያህል እንደሚታመን በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ጠይቀዋል። በድንቅነሽ ዘንድ ችግሩ እጥፍ ነው፤ ከእሷ የተገኘው የግራ እግሯ የጭን አጥንትና የቀኝ እግሯ የቅልጥም አጥንት ናቸው። አንድም ሙሉ ጉልበት የላትም።

ከዝሆን ጥርስ እስከ ፖሊኢትሊን

የትራሱ ጥያቄ በሕክምናው ዓለም የተነሣው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ቴሚስቶክሊስ ግሉክ የተባሉ በበርሊን የሚሠሩ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የተጎዱ ጉልበቶችን በዝሆን ጥርስ በተሠራ ማጠፊያ ተኩ። ማጠፊያው እንደ በር ማጠፊያ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚታጠፍ ነበር። ሙከራው በዋናነት በኢንፌክሽን ምክንያት አልዘለቀም፤ አንድ ትምህርት ግን ትቷል። ጉልበት ሲታጠፍ ይንሸራተታል፣ ይዞራልም፤ በማጠፊያ ብቻ የታሰረ ጉልበት ግን የመዞር ኃይሉን ሁሉ አጥንትና ተከላው ወደሚገናኙበት ሥፍራ ያስተላልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ጆን ኢንሶልና ባልደረቦቻቸው በኒው ዮርክ በሥራ ላይ ያዋሉት ጉልበት ማጠፊያውን ትቶ የጭን አጥንቱን ጫፍ በብረት፣ የቅልጥሙን ገጽ በወጥ ፖሊኢትሊን ሸፈነ። በኋላ በቅልጥሙ ላይ የብረት ገበታ ተቀምጦ ፖሊኢትሊኑ በላዩ የሚሰካ ሆነ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሐኪሙ በቀዶ ሕክምናው መካከል የንጣፉን ውፍረት ይመርጣል፤ ንጣፉ ሲበላም ገበታውን ሳይነቅል ንጣፉን ብቻ ይለውጣል። ነገር ግን ከዚህ ጋር አዲስ ችግር መጣ፤ ንጣፉ ከገበታው ጋር በምን ይታሰር?

መልሶቹ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ንድፍ በገበታው ዙሪያ ከፍ ያለ ጠርዝ አበጅቶ ንጣፉን ጫን ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። አንዳንዱ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ቦይ ውስጥ ንጣፉን በማንሸራተት ይቀረቅረዋል። ሌላው ሽቦ፣ ካስማ ወይም ብሎን ይጨምርበታል። ዓላማቸው አንድ ነው፤ ንጣፉ እንዳይነሣና እንዳይንሸራተት። ሆኖም በእርምጃ ሁሉ ጥቃቅን እንቅስቃሴ ይቀራል። ያ እንቅስቃሴ የንጣፉን የታች ገጽ ከገበታው ጋር ያፋትጋል፤ የሚፋቀው ብናኝ በአካባቢው ያሉ ሕዋሳትን ያስቆጣል፤ የተቆጡት ሕዋሳት አጥንቱ እንዲበላ ያደርጋሉ፤ በመጨረሻም ተከላው ይላላል። ገበታውን በጣም ማለስለስ መፋቁን ይቀንሳል፤ ጠንካራ መቀርቀሪያም እንዲሁ።

ሌላው መንገድ ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የኦክስፎርዶቹ ጆን ጉድፌሎውና ጆን ኦኮነር ንጣፉን ሳያስሩ እንደ ሜኒስከስ በገበታው ላይ እንዲንሸራተት ተዉት። ግንኙነቱ በሰፊ ገጽ ስለሆነ መፋቁ ይቀንሳል፤ ሆኖም ጅማቶቹ ካልተመጣጠኑ ንጣፉ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። እነሆ በሐዳር አጥንት ላይ የተነሣው አማራጭ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ተመልሶ መጣ። የታሰረ ትራስ ይጸናል፣ ጭነቱን ግን ወደ ማሰሪያው ያስተላልፋል፤ የተፈታ ትራስ ይታዘዛል፣ ከቦታው ለመውጣት ግን የተጋለጠ ነው።

የአኗኗር ጉዳይም አለበት። ከወንበር እየተነሣ ለሚኖር ሰው የሚበቃ ጉልበት፣ መሬት ላይ ለሚቀመጥ፣ ለሚሰግድ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ሰሌን ቤት ለሚገባ ሰው ላይበቃ ይችላል። ጉልበት በጥልቀት ሲታጠፍ የጭን አጥንቱ ወደ ኋላ ይንከባለላል፤ ንጣፉን ከፊት በኩል የሚያነሣ ኃይል ይፈጠራል፤ መቀርቀሪያው የሚፈተነው ያኔ ነው።

አሟሟት

ድንቅነሽ እንዴት እንደሞተች የተረጋገጠ ነገር የለም። በዳሌ አጥንቷ ላይ አንድ የአውሬ ጥርስ ምልክት ቢታይም አካሏ በአውሬ አልተበታተነም፤ ስለዚህ ከሞተች በኋላ ብዙም ሳይቆይ በደለል የተሸፈነች ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2008 አጥንቶቿ ለኤግዚቢሽን አሜሪካ በነበሩበት ጊዜ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኤክስሬይ ሲነሡ ከ35,000 በላይ ምስሎች ተገኙ። በእነዚህ ላይ ተመሥርተው ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ከረጅም ዛፍ ወድቃ ሞተች የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የክንዷና የጉልበቷ ስብራት በሕይወት ሳለች የደረሰ ነው አሉ። ጆሃንሰንና ቲም ኋይት ግን ተመሳሳይ ስንጥቅ በዚያው ደለል ውስጥ በተገኙ የሌሎች እንስሳት አጥንቶች ላይም እንደሚታይ፣ ይህም የምድር ጫና ውጤት እንደሆነ ገልጸው ተቃወሙ።

ሌላም የሚያስጠነቅቅ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከጀርባ አጥንቶቿ መካከል አንዷ ስባሪ የእሷ ሳትሆን የጭላዳ ዘመድ የሆነ ዝንጀሮ መሆኗ ታወቀ። ለአርባ ዓመታት ስንት ዓይን ያየው አካል ውስጥ የሌላ እንስሳ አጥንት ተቀምጦ ነበር። ይህ የድንቅነሽን ታላቅነት አይቀንስም፤ ሕይወቷ ገና በመነበብ ላይ መሆኑን ግን ያሳያል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው የድንቅነሽ የሕይወት ታሪክ እኩል ያልተረጋገጡ ክፍሎች አሉት። በልጅነቷ በሁለት እግር መሄዷ ጠንካራ መሠረት አለው፤ አጥንት ራሱ የመዘገበው ነውና። ቀጥ ብላ መቆሟ ከብዙ አቅጣጫ በመጡ ማስረጃዎች ይደገፋል። የትራሷ አስተሳሰር ግን ከአንድ የአጥንት ምልክት የተነሣ ግምት ነው፤ አሟሟቷ ደግሞ ክርክር ነው። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ እነዚህን በአንድ ድምፅ መተረክ አይገባውም።

ይኸው ጥንቃቄ ለሰው ሠራሽ ጉልበት ተመራማሪም ይሠራል። ከሕሙማን ተነቅለው የወጡ ንጣፎችን የሚመረምር ሰው የሚያየው እንቅስቃሴውን ሳይሆን እንቅስቃሴው የተወውን ጭረት ነው። ከጭረቱ ተነሥቶ ንጣፉ ስንት ዓመት እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ይገምታል፤ ጭረቱ በሚነቀልበት ጊዜ የተፈጠረ እንዳይሆንም መጠንቀቅ አለበት። ካፕልማንና ጆሃንሰን በድንቅነሽ ስንጥቅ ላይ የተከራከሩት በዚሁ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ምልክቱ የሕይወት ነው ወይስ ከሕይወት በኋላ የመጣ? ሁለቱ የጥናት መስኮች የናሙና አያያዝን፣ የገጽ ምርመራንና የኮምፒውተር ምስልን እርስ በርስ ቢዋዋሱ የሚጠቀሙት ብዙ ነው። የሥነ ምድር፣ የሕክምናና የምሕንድስና ተማሪዎች በአንድ ግቢ በሚማሩባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ሩቅ አይደለም።

የድንቅነሽ እውነተኛ አጥንቶች አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም በጥንቃቄ ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ለጎብኚ የሚታየው ቅጂ ነው። ኤ.ኤል. 129 የተባለውም ጉልበት የእሷን ያህል ስም ባያገኝም ሙሉ መገጣጠሚያውን ለመረዳት ያስቻለን እሱ ነው። ስለ እሷ ጉልበት የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከእሷ በፊት ወደ ሁለት መቶ ሺህ ዓመት ቀድሞ በዚያው ሸለቆ ከሞተ፣ ስም ካልወጣለት ሌላ ግለሰብ የተገኘ ነው። ከአዋሽ ወደ ሰመራ የሚያልፈው መንገደኛ ከጎዳናው በስተ ምዕራብ የሚያየው ራቁት ገደል የሁለቱም መቃብር ነው፤ በየክረምቱም ጎርፉ ከውስጡ ያልተነበበ አጥንት ማውጣቱን አላቆመም።